የኩላሊት ጠጠር ሲወጣ ምስጋናው ለማን ነው?

በጊንጪም ሆነ በአምቦ ከተማ ጎኑን ይዞ የሚያቃስት ሰው ምክር አያጣም። አንዱ የገብስ ውሃ፣ ሌላው ተልባ ያዛል። ሦስተኛው «አምቦ ውሃ ጠጣ፣ ጠጠሩን ያሟሟዋል» ይላል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ሆሚዮፓቲ የሚባለው ጠብታ ወይም ነጭ እንክብል ሊላክለት ይችላል። ውድ አንባቢያን፣ ከእነዚህ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ስለ ጠጠሩ ጥቂት እንወቅ።

ጠጠሩ እንዴት ይፈጠራል?

ሽንት ውስጥ ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች አሉ። የምንጠጣው ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፤ ንጥረ ነገሮቹም መሟሟት አቅቷቸው እንደ ጨው ቅንጣት ይጠጥራሉ። ከ10 ጠጠሮች 8ቱ ያህል ካልሲየም ያለባቸው ናቸው። ጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ እያለ ላያምም ይችላል። ወደ ቀጭኑ የሽንት ቱቦ ሲወርድ ግን ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚዘልቅ፣ መጣ ሄድ የሚል ከባድ ሕመም ያስከትላል። ማቅለሽለሽና ደም የቀላቀለ ሽንትም ሊኖር ይችላል።

ሆሚዮፓቲስ?

ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን በ1796 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዘዴ ነው። ሐሳቡ በጤነኛ ሰው ላይ አንድን ሕመም የሚያመጣ ነገር፣ እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ ሕመም ያድናል የሚል ነው። ለኩላሊት ጠጠር በብዛት የሚሰጠው በርበሪስ ከሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ይቀመማል። ጠርሙሱ ላይ «30ሲ» ከተጻፈ፣ አንድ እጅ ቅመም በ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ተበርዟል፤ ይህም 30 ጊዜ ተደጋግሟል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ከመነሻው ተክል ምንም አይቀርም ማለት ይቻላል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናቶቹን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ ለማንኛውም በሽታ እንደሚሠራ የሚያሳምን ማስረጃ እንደሌለ በ2015 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

«ዳንኩበት» የሚሉትስ?

አይዋሹም። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይወጣል። ሲወጣም ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ ላይ የተጠጣው ነገር ነው። እኔ የምሠራው በገበያ ልማት ሙያ ነው፤ ከምስክርነት የበለጠ የሚሸጥ ማስታወቂያ እንደሌለ አውቃለሁ። ጠጠሩ ያልወጣለት ሰው ግን ምስክር ሆኖ አይቀርብም።

አምቦ ውሃም በዚሁ ሚዛን ይታይ። ፈሳሽ በመሆኑ ሽንት ያበዛል፤ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት የሽንትን አሲድነት ስለሚቀንስ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ላለበት ሊያግዝ ይችላል። ብዙዎችን የሚይዘውን የካልሲየም ጠጠር ግን አያሟሟም። ሶዲየም ስላለውም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ያማክር።

ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ሕመሙ ቆመ ማለት ጠጠሩ ወጣ ማለት አይደለም። ቱቦውን ዘግቶ የተቀመጠ ጠጠር ያለ ምንም ሕመም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ምንም ቢጠጡ፣ መውጣቱን በምርመራ ያረጋግጡ።

ቤት ውስጥ ምን ያድርጉ?

• ሽንትዎ ነጣ እስኪል ውሃ ይጠጡ፤ ለአብዛኛው ሰው በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ካለብዎ መጠኑን ሐኪም ይወስን።
• በጾም ወቅት ከሰዓት በኋላና ማታ አብዝተው ይጠጡ። መንገድ ሲሄዱም መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ፈርተው ውሃ አይተዉ።
• ጨውና ሥጋ ይቀንሱ። ወተት ግን አይተዉ፤ ከምግብ የሚገኝ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል።
• ጠጠር ደጋግሞ ከያዘዎ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ አያብዙ። ውሃዎ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት።
• ሽንትዎን በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉ። ጠጠሩን ካገኙ ለምርመራ ይውሰዱት፤ ዓይነቱ ሲታወቅ ዳግም እንዳይመጣ መከላከል ይቀላል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል የሚያስኬድ

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽንት መከልከል፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ሕመም፣ እርግዝና፣ ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ መኖር። በተለይ ትኩሳት ካለ፣ ከተዘጋው ቱቦ ጀርባ ኢንፌክሽን ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል። በዚህ ጊዜ ተልባውም ጠብታውም ይቆዩ። አምቦም ሆነ አዲስ አበባ፣ ቶሎ ወደሚደርሱበት ሆስፒታል ይሂዱ።