ጾመኛውና የጤና ጣቢያው መርፌ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን ወር፣ የዙሁር ሶላት ሰግደን ስንወጣ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ሸይኽ፣ መርፌ መወጋት ጾም ያፈርሳል?» ሲል ጠየቀኝ። ቸኩዬ ነበር። «ከተጠራጠርክ ረመዳን ሲወጣ ተወጋ፣ ልጄ» ብዬው አለፍኩ። ምን ዓይነት መርፌ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለካ በየ4 ሳምንቱ ለልብ ሕመሙ የሚወጋው ፔኒሲሊን ኖሯል። ዒድ ካለፈ በኋላ ጉልበቱ አብጦ፣ ትንፋሹ እያጠረ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ የቀረው መርፌ ለሕመሙ በር እንደከፈተለት ለእናቱ ነገሯት። እናቱ እኔን አልወቀሰችም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

በልጅነቴ በደረሳነት የቀራሁት የፊቅህ ኪታብ ስለ ጾም ሲያብራራ በ«ጀውፍ» ዙሪያ ይሽከረከራል። በተፈጥሮ ክፍት በሆነ ቀዳዳ በኩል ወደ ሰውነት ውስጠኛ ክፍል የገባ ነገር ጾምን ያበላሻል ነው ነገሩ። የሻፊዒይ ዑለማዎች በዚሁ መለኪያ የጆሮ ጠብታን ሳይቀር ከሚያስፈጥሩት ይቆጥሩ ነበር። በእነርሱ ዘመን መርፌ የለም፣ ጉሉኮስም የለም። እኛ የእነርሱን ቃል ይዘን የዛሬ ነርስ እጅ ላይ ያለውን ዕቃ ስንመዝን መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነበረብን።

ይህን ሥራ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ሠርቶታል። በቆዳ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ የሕክምና መርፌ ጾም አያፈርስም። ምግብነት ያለው በደም ሥር የሚንጠለጠል ፈሳሽ ግን ያፈርሳል። የዓይንና የጆሮ ጠብታ፣ ቆዳ ላይ የሚቀባ ቅባትና የሚለጠፍ መድኃኒት አያፈርሱም። የአፍንጫ ጠብታም፣ የልብ ሕመምተኛ ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ክኒንም ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ካልዋጠ እንዲሁ። የአስም በሽተኞች የሚስቡትን ፓፍ በተመለከተ ግን ውሳኔውን ለሌላ ጊዜ አቆይቶታል፤ ዑለማዎችም እስካሁን ይለያዩበታል። የእንጦጦን ጀርባ የሚያውቅ ብርድ ባለበት በሱሉልታ ደረቱ የተያዘ ሰው ግን የዑለማን ስምምነት እስኪያገኝ መታፈን የለበትም። ይሳብ፣ ይተንፍስ፤ የቀዳው ጥያቄ ነገ ይደርሳል። አላህ በአል-በቀራ ምዕራፍ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን ቆጥሮ እንዲያካክስ ፈቅዶለታልና።

ከዚያ ወጣት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዲት ነርስ ሥራዋን እንድታስረዳኝ ለመንኳት። «ሸይኽ፣ ይቀመጡ» ብላ ብልቃጡን አሳየችኝ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሲበጠበጥ እንደ ወተት የነጣ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደ ደም ይለቀቃል። በጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ባክቴሪያ ዳግም እንዳይነሳና ሰውነት ራሱን ለመከላከል ሲል የልብን በሮች እንዳያጠቃ የሚጠብቀው ይህ ነው። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር በሮቹ ላይ ጠባሳ ይጨመራል። ቀን የሚቆጠረውም ለዚህ ነው።

ያው መድኃኒት በስህተት ደም ሥር ቢገባ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ነርሷ መርፌውን ከመግፋቷ በፊት ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ደም መኖር አለመኖሩን ታያለች። መቀመጫ ላይ ስትወጋ በላይኛው የውጭ ክፍል ነው፤ ወደ ውስጥ ከተጠጋች ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ልትጎዳ ትችላለችና። ፔኒሲሊን ይከብድህ ነበር ወይ ብላ አስቀድማ ትጠይቃለች፤ ከወጋች በኋላም ቁጭ አድርጋ ታቆየዋለች። ጾመኛ «ቸኩያለሁ፣ ልሂድ» ሲል እንዳትሰማው ነው የምለምናት። ሴፍትሪያክሶንም እንዲሁ ነው፤ በማደንዘዣ ሊዶካይን የተበጠበጠው ለጡንቻ ብቻ እንጂ ለደም ሥር አይሆንም። አንድ ብልቃጥ፣ ሁለት መንገድ፤ ዕጣውም የተለያየ።

ከሁሉ ያሳቀችኝ የስሙ ነገር ናት። «መሐመድ!» ብላ ስትጣራ ሦስት ሰው ይነሳል። «መሐመድ አሕመድ» ስትልም ሁለቱ ይቀራሉ። ስለዚህ «መሐመድ ነህ?» ብላ አትጠይቅም፤ «ስምህን ከነአያትህ ንገረኝ» ትላለች። ወንድሞቼ፣ ይህን ስትጠየቁ አትቆጡ።

ክኒን ላይ ያለው ችግር የእኛው የጾመኞች ነው። በረመዳን በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ያለን 11 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሁር ሊመች ይችላል። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘው ግን አይገባም። ይህን ያየ ሰው ሦስቱንም ክኒን ሱሁር ላይ በአንዴ ይውጣል፤ ይህ መድኃኒት መውሰድ ሳይሆን ራስን መመረዝ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራውን ክኒን ደግሞ ፈጭቶ የሚጠጣ አለ፤ የቀኑን ሙሉ መጠን በአንድ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ይለቀዋል። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ወይም ሌላ ሰዓት ሊያወጣለት ይችላል፤ ለዚህ ግን ረመዳን ሳይገባ መጠየቅ ይፈልጋል። ሰዓቱን ሲጽፉለትም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያጣራ። ወረቀት ላይ 8 ሰዓት ከተባለና በእኛ ሰዓት ካነበበው 6 ሰዓት ተሳሳተ ማለት ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን የሚወጋው ቆዳ ሥር ስለሆነ ጾሙን አያፈርስበትም፤ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን መለካትም እንዲሁ። የጠዋቱን መጠን እንደ ወትሮው ወግቶ ሳይበላ መዋል ግን ሕይወት ያሳጣል። መጠኑን የሚቀይርለት ሐኪሙ ነው። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ አዛን 10 ደቂቃ ቢቀረውም ያፍጥር።

ነርሶቹም ራሳቸው ይጾማሉ። ከአስር በኋላ ራስ ይከብዳል፣ ዓይን ይፈዛል፤ መጠን የሚሰላውና ብልቃጥ የሚመረጠውም በዚያው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ሰው እንዲያይላቸው መጠየቅ ነውር አይደለም። ነርሷ «እኛስ ለመግሪብ ስንት ቀረው እያልን ነው የምንቆጥረው» ስትለኝ ዝም አልኩ፤ እኔም ኹጥባ ላይ እንዲያ አደርጋለሁ።

ያ ወጣት ዛሬም ሱሉልታ ነው። በረመዳን ውስጥ የመርፌው ቀን ሲደርስ ከዙሁር በኋላ አብረን እንወጣለን። እርሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እጠብቀዋለሁ። ወጥቶም አጠገቤ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዚያ ለአስር ሶላት እንመለሳለን።