ከዘራው በየትኛው እጅ ይያዝ?

ቀኝ ዳሌያቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ከዘራ ቢገዛላቸው በየትኛው እጃቸው ሊይዙት ይገባል? ይህን ጥያቄ ለጥቂት ተማሪዎች አቅርበን ነበር። አብዛኞቹ ሳያመነቱ «በቀኝ ነዋ!» ሲሉ መለሱልን። ድጋፍ የሚሻው የታመመው ጎን ነው የሚል ነበር ምክንያታቸው። ትክክለኛው መልስ ግን በግራ ነው። ምክንያቱን ለመረዳትም የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል።

የአዛውንቱ ክብደት 600 ኒውተን፣ ማለትም 60 ኪሎ ግራም ገደማ ነው እንበል። በሚራመዱበት ጊዜ ግራ እግራቸው ከመሬት በተነሣ ቁጥር የሰውነታቸው ሸክም በቀኝ ዳሌያቸው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። የቆሙበት እግር ራሱ ከጠቅላላው ክብደት አንድ ስድስተኛ ያህሉን ስለሚይዝ፣ ከመገጣጠሚያው በላይ የሚቀረው ሸክም 500 ኒውተን ነው። የዚህ ሸክም መስመር ከመገጣጠሚያው ወደ ሰውነት መሃል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚያልፍ ዳሌን ወደ ግራ ሊያዘምመው ይታገላል። ይህን የሚከላከሉት በዳሌ ውጫዊ ጎን የሚገኙት ጡንቻዎች ናቸው። እነርሱ ግን ከመገጣጠሚያው የሚርቁት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ርቀታቸው ግማሽ ስለሆነ ኃይላቸው እጥፍ፣ ማለትም 1000 ኒውተን መሆን ይኖርበታል። ሸክሙና የጡንቻው ኃይል ሲደመሩ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና 1500 ኒውተን ይሆናል። ይህም ከአዛውንቱ ጠቅላላ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው።

አሁን ከዘራውን በግራ እጃቸው እናስይዛቸው። ከታመመው መገጣጠሚያ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው መሬቱን በ50 ኒውተን ብቻ ቢገፉ፣ የሚያገኙት የማዞር አቅም 25 ኒውተን ሜትር ነው። ሸክሙ የፈጠረው 50 ኒውተን ሜትር ስለነበር ግማሹ በከዘራው ተወሰደ ማለት ነው። ጡንቻዎቹ 1000 ሳይሆን 500 ኒውተን ያወጣሉ፤ በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ጫናም ወደ 950 ኒውተን ይወርዳል። አምስት ኪሎ የማይበልጥ የእጅ ግፊት የ55 ኪሎ ያህል ጫና አነሣ! ከዘራው በታመመው ጎን ቢያዝ ግን ርቀቱ አጭር ከመሆኑም በላይ ግፊቱ ዳሌው ወደ ግራ ማዘንበሉን አያግደውም። (ስሌታችን በአንድ እግሩ ጸጥ ብሎ ለቆመ ሰው የተሠራ መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉ። በእርምጃ ጊዜ ፍጥነት ስለሚጨመርበት ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ የከዘራው ወገን ግን አይለወጥም።)

እንዲህ ያለው ስሌት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ የዘወትር ሥራ ነው። ያም ሆኖ «ማሸትና ማንቀሳቀስ ለመማር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ምን ያደርጋል? ወጌሻ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን። የወጌሻን የእጅ ዕውቀት አናቃልልም፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ትዕግሥትና ልምድ አለበት። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት መቼ እጅን መሰብሰብ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው በተጨማሪ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተውና በጭኖቹ መካከል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ ከአከርካሪ የሚወርዱት ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሐኪም መላክ አለበት። አንድ ባቷ ብቻ ያበጠባት፣ የሞቃትና የሚያማት ሴትም አትታሽም። በውስጠኛው ደም ሥር የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። ሁለቱም ሕመምተኞች ሲመጡ የሚሉት «አሽልኝ» ነው።

በአሜሪካ ወደዚህ ሙያ የሚያስገባው ትምህርት ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ እያለ መጥቷል። ሙያው የተጠናከረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን በማገገም ነበር፤ የመጀመሪያው የሙያ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1921 በሜሪ ማክሚላን መሪነት ተቋቋመ። ከዚያም የፖሊዮ ወረርሽኝ ብዙ ሥራ አመጣለት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዕውቅና ያላቸው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አዲስ ባለሙያ የሚያስመርቁት በዶክትሬት ደረጃ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። ተማሪዎቹ በአስከሬን ላይ አናቶሚ ያጠናሉ፤ የነርቭ ሳይንስና የእንቅስቃሴ መካኒክስ ይማራሉ፤ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ለወራት ሕመምተኞችን ካከሙ በኋላም ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። ዶክትሬቱ ለወጪው ይመጥናል ወይ የሚለው ክርክር በሙያው ውስጥ ራሱ አለ። በእኛ አስተያየት ከማዕረጉ ይልቅ ዋጋ ያለው ተማሪው ማስረጃን የመመርመር ልማድ ማዳበሩ ነው። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

በስትሮክ ምክንያት አንድ እጁ የደከመበት ሰው ሥራውን ሁሉ በደህናው እጁ መሥራት ይለምዳል። የደከመው እጅ ደግሞ ባልሠራ ቁጥር ይበልጥ ይረሳል። ተመራማሪዎች ታዲያ ደህናውን እጅ በጓንት ሸፍነው የደከመውን በግድ ማሠራት አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ጥናት፣ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለሕክምናው የተመደቡት ለሁለት ሳምንት ያህል ነቅተው ከሚያሳልፉት ጊዜ 90 በመቶውን ጓንቱን እንዲያጠልቁ ተደረገ፤ በሥራ ቀናትም በቀን እስከ ስድስት ሰዓት ልምምድ ነበራቸው። መሻሻላቸው የተለመደውን ክብካቤ ካገኙት በልጦ ተገኘ፤ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። አንጎል ከጉዳት በኋላም በልምምድ ራሱን መልሶ ማደራጀት እንደሚችል ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ በመነሣት «እንግዲያው ልምምድ በበዛና በፈጠነ ቁጥር ይሻላል» ማለት ይቀናል። እኛም እንዲያ ባልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታወቀው ሌላ ጥናት ግን በአምስት አገሮች 2104 የስትሮክ ሕመምተኞችን አካቶ ይህንኑ ፈተነ። ግማሾቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ እየተነሡ ደጋግመውና በርትተው እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ፣ የቀሩት የተለመደውን ክብካቤ አገኙ። ከሦስት ወር በኋላ በጥሩ ሁኔታ ላይ የተገኙት በተለመደው ክብካቤ 50 በመቶ፣ በብርቱው ልምምድ ግን 46 በመቶ ነበሩ። ቅን ሐሳብ ጎድቶ ተገኘ። በኋላ የተደረገው ትንተና ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጫጭር የሆኑ፣ ግን ቶሎ ቶሎ የሚደጋገሙ እንቅስቃሴዎች እንደሚሻሉ ጠቆመ። አንድን መድኃኒት መጠኑን ሳይወስን የሚያዝ ሐኪም የለም፤ እንቅስቃሴም መጠን አለው።

በሀገራችን ፊዚዮቴራፒን ከሚያስተምሩት አንዱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ ተምረው በአሜሪካ ለመሥራት የሚሹ የትምህርት ማስረጃቸው ከዚያው አገር ደረጃ ጋር ይመዘንና የጎደለ ካለ አሟልተው ያንኑ ብሔራዊ ፈተና ይወስዳሉ። ፊዚክስን ለኢንጂነሪንግ ብቻ የተፈጠረ አድርገው ለሚመለከቱ የባዮሎጂ ወዳጆች ይህን አስቀድመን ማስታወሱ ሳይሻል አይቀርም።

ወደ አዛውንቱ ከዘራ እንመለስ፤ ርዝመቱን ሳንናገር ልናልፍ ነበር። ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁ የከዘራው እጀታ ከእጅ አንጓቸው መታጠፊያ ትይዩ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ሲይዙት ክንዳቸው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከታመመው እግር ጋር አብሮ ወደ ፊት ይሰነዘራል። ገበያ ላይ የሚገኘው ከዘራ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ ትርፉን ከታች በመጋዝ መቁረጥና ጫፉን ጎማ ማልበስ ይቻላል።