የአይሮፕላን ሠራተኞችና ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ጤና

ኦቶና በወላይታ ሶዶ የሚገኘው ሆስፒታል ስም ሆኖ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተጕዘው ወላይታ ከደረሱ በኋላ በሶዶ የሕክምና ሥራ ተጀመረ፤ ዛሬ ኦቶና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የጤና ተማሪዎች መማሪያ ነው። በዚያ በበቅሎ ዘመን ሐኪሙ ራሱ የታመመ እንደ ሆነ ሌላ ሐኪም የሚገኘው ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ነበር። «ሐኪሙንስ ማን ያክመዋል?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ስላላረጀ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው አስበናል።

ብቸኛ ሥራ የምንለው ሠራተኛው ቢታመም ወይም ቢደክም በአጠገቡ የሚተካው የሌለበት፣ ሥፍራውንም ትቶ ለመሄድ የማይችልበት ሥራ ነው። ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነን የአይሮፕላን አብራሪ ነው። ከኋላው መቶና ሁለት መቶ መንገደኛ ቢቀመጥም ከሥራ ባልደረባው በቀር መሪውን ሊቀበለው የሚችል ማንም የለም።

የአብራሪው የመጀመሪያ ችግር አየሩ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር የነበሩት ሲ-47 አይሮፕላኖች በውስጣቸው አየር የሚታመቅባቸው አልነበሩም፤ ሠራተኞቹ የሚተነፍሱት የውጭውን ስስ አየር ነበር። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ወደ ደም የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። ከዚያ ከፍ ሲባል ደግሞ ሰውየው ሳይታወቀው አስተሳሰቡ ይዘገያል፣ በጨለማ የማየት ኀይሉም ይደክማል። በዘመናችን ይህ ችግር በአብዛኛው በመሣሪያ ታርሟል። አየር መንገዱ ከነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያበረው ቦይንግ 787 ውስጥ ያለው ግፊት በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አያንስም። ቦሌ ግን 2,300 ሜትር ግድም ላይ ስለ ሆነ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ በሰማይ ሳለ የሚተነፍሰው አየር በቤቱ ከሚተነፍሰው ይልቅ ወፍራም ነው ማለት ነው።

መሣሪያ ያልፈታው ችግር ድካም ነው። የሰው አካል የራሱ የሆነ ሰዓት ስላለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ንቃቱም ይቀንሳል። ቀን የተኛ ሰው እንኳ በዚያ ሰዓት እንደ ቀኑ ንቁ አይሆንም፤ በብርታትና በወኔ ብቻ የሚያሸንፈውም የለም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በ37,000 ጫማ ከፍታ እንደ በረረ መውረድ የሚጀምርበትን ቦታ አልፎ ሄደ፤ ከመሬት ቢጠራም ለጊዜው መልስ አልሰጠም። ኋላ በደኅና አረፈ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበር በዜና ተነገረ፤ አየር መንገዱም ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ከሥራ አገዳቸው።

ከዚህ ነገር የምንማረው ባልደረባ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ በአንድ የሥራ ሰዓት የሚውሉ ሁለት ሰዎች አብረው ሊደክሙ ይችላሉና። ስለዚህም የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሕግ ከባልደረባው ሌላ ሁለት ጠባቂዎችን አቁሟል። አንደኛው የበረራና የዕረፍት ሰዓት ወሰን ነው። ሁለተኛው የጤና ምርመራ ነው፤ የመንገደኛ አይሮፕላን አብራሪ ቢያንስ በ12 ወር አንድ ጊዜ፣ ዕድሜው 60 ዓመት ሲሞላ ደግሞ በየ6 ወሩ ካልተመረመረ ፈቃዱ አይጸናም።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ ስለ ብቸኛ ሥራ በዚህ አገር መናገራችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ብቸኝነት የሰው ማነስ ሳይሆን የሙያ ባልደረባ ማጣት ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለት ሴቶች በአንድ ጤና ኬላ ተመድበው 5,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታቅዷል። አንዲቱ ለቤት ለቤት ጕብኝት ወይም ለሥልጠና ስትሄድ ሌላይቱ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብቻዋን ትቀራለች። የምትኖረው ከሚያውቋት ሰዎች ጋር ስለ ሆነ የሥራ ሰዓት አለቀ ብላ በሯን ለመዝጋት ይቸግራታል። የታመመ ሕፃን ታይና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ ወይስ አይሂድ ብላ ስትወስን፣ ውሳኔዋ እንደ አብራሪው ውሳኔ ነፍስ ያለበት ነው። አብራሪውን ከሥራ በፊት ሕግ ይመረምረዋል፤ እርስዋን ግን ካልተመረመርሽና ካላረፍሽ አትሠሪም የሚላት የለም።

ስለዚህ ከአቪዬሽን ሊወሰዱ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው ብለን እናምናለን። የዕረፍት ቀን በጽሑፍ ይወሰን፤ በዚያም ቀን የሚተካ ሰው ከጤና ጣቢያ ይመደብ። በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛዋ ራስዋ ትመርመር። በታወቀ ቀንና ሰዓት ከጤና ጣቢያው በስልክ የሚጠይቃት ሰው ይኑር፤ የሚጠይቃትም ስለ ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ራስዋ ይሁን። ደክሞኛል ያለ ሠራተኛም እንደ ሰነፍ አይቈጠር፤ አብራሪ ደክሞኛል ብሎ መናገሩ ግዴታው እንጂ ነውሩ አይደለምና።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሐኪሙን ማን ያክመዋል ብለን ለጀመርነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ ሸክሙን የሚከፍልለት ሥርዓት ያክመዋል። ነገ ከኦቶና ተመርቀን ወደየጤና ጣቢያው ስንበተን ከእኛ አንዱ በዚያ በስልኩ ማዶ ሆኖ የሚጠይቀው ሰው መሆኑ አይቀርምና፣ ከወዲሁ ልናስብበት ይገባል።