ፕሮፖዝ፦ እሺታው የሌላ ሰው የሆነ ቃል

«ፕሮፖዝ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ አንድን ሐሳብ፣ ዕቅድ ወይም ሰው በሌላ ወገን ፊት ለውሳኔ ማቅረብ ማለት ነው። መነሻው «ፕሮፖኔሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ እሱም «ወደ ፊት» እና «ማስቀመጥ» ከሚሉ ሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ነገሩን አውጥቶ ሰው ፊት ማኖር የሚለው የጥንቱ ስሜት ዛሬም አልለቀቀውም። አቅራቢው ያቀርባል፤ መቀበሉም ሆነ መጣሉ ግን የሌላው ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው የቃሉን ልዩ ልዩ አገባቦች ለመለየት አይቸገርም።

ይህ በግልጽ የሚታየው በስብሰባ ላይ ነው። በእንግሊዞች ልማድ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበው አባል «ፕሮፖዘር» ይባላል፤ ሐሳቡ ለውይይት እንዲበቃ ደግሞ «ሰከንደር» የሚባል ደጋፊ ያስፈልገዋል። ከአቅራቢው በቀር ማንም የማይፈልገው ጉዳይ የጉባኤውን ጊዜ እንዳይበላ የተበጀ ሥርዓት ነው። አሜሪካኖች በዚሁ ቦታ «ሙቭ» ማለት ይቀናቸዋል። ሰውን ለሹመት ወይም ለአባልነት መጠቆም፣ በግብዣም ላይ ለአንድ ሰው ክብር ጽዋ እንዲነሣ መጋበዝ በዚሁ ግሥ ይነገራል። ማቅረብና መወሰን የተለያዩ መሆናቸውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 104 የማሻሻያ ሐሳብ እንዴት እንደሚመነጭ ይደነግግና ማሻሻያው የሚጸድቅበትን መንገድ ለአንቀጽ 105 ይተዋል።

በሳይንስ ዓለም ውሳኔው የጉባኤ ሳይሆን የማስረጃ ነው፤ ዓመታትም ሊወስድ ይችላል። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር አህጉራት በአንድ ወቅት አንድ ላይ እንደነበሩና ቀስ በቀስ እንደተለያዩ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1912 ነበር። አህጉራቱን የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነ አጥጋቢ መልስ ስላልነበረው ብዙዎቹ የዘመኑ ጂኦሎጂስቶች አልተቀበሉትም፤ በ1930 ግሪንላንድ ውስጥ ሲሞትም ክርክሩ አልተቋጨም ነበር። የውቅያኖስ ወለል ጥናት ለሐሳቡ መሠረታዊ ክፍል ድጋፍ ያስገኘለት በ1960ዎቹ ነው። እንግሊዝኛ የቬገነርን ሥራ ሲገልጽ «ፕሮፖዝድ» ማለቱ ተገቢ ነው፤ «አረጋገጠ» ቢባል ታሪኩ ይዛባል።

ቃሉ በተራው ሰው ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በጋብቻ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ማን ለማን ያቀርባል የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ልማድ ጥያቄው የወንዱ ድርሻ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ አልበርትን ለማግባት ስትወስን ግን ችግር መጣ፤ በዙፋን ላይ ላለች ንግሥት «አግቢኝ» ብሎ መጠየቅ ለማንም የተፈቀደ አልነበረም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1839 በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ጥያቄውን ያቀረበችው ራሷ ናት። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወር ተጋቡ። የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» (1813) የተባለው ልብ ወለድ ደግሞ የጉዳዩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ኤልሳቤጥ ቤኔት የሚስተር ኮሊንስን ጥያቄ አልቀበልም ስትለው፣ ሰውየው እምቢታዋን የጨዋ ልጅ መግደርደር አድርጎ ወሰደው። ደራሲዋ የሴቲቱ «አይሆንም» እውነተኛ መልስ ሆኖ እንዲቆጠር የምትታገለው በዚህ ትዕይንት ነው፤ እምቢታ የማይሰማበት ጥያቄ ደግሞ በእርግጥም ጥያቄ አይደለም።

በኢትዮጵያ የቆየው ሥርዓት ሽማግሌ መላክ ነው። ጥያቄው በሽማግሌዎች አፍ ለልጅቷ ቤተሰብ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሳይናገሩ አይቀመጡም፣ ቤተሰቡም ተመካክሮና ዝምድና ቆጥሮ መልስ ለመስጠት ቀጠሮ ይሰጣል። ሕጉ በበኩሉ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ያስቀድማል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ሁለቱም ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ እንደሆነ ይደነግጋል። በከተማ አሁን የተለመደው «ፕሮፖዝ አደረገላት» የሚለው አነጋገር የቀለበቱንና የመንበርከኩን ሥነ ሥርዓት ብቻ የሚመለከት ነው። ብዙ ጥንዶች ሁለቱንም ይፈጽማሉ፤ ቀለበቱ ይቀድማል፣ ሽማግሌው ይከተላል።

ከዚህ ሁሉ ወጣ የሚል አንድ ትርጉም አለ። ግሡ «ቱ» ከሚለው ቃልና ከሌላ ግሥ ጋር ሲገባ «አስቤአለሁ፣ ቆርጫለሁ» ማለት ይሆናል። «አይ ፕሮፖዝ ቱ ሊቭ ቱሞሮ» ያለ ሰው ነገ ለመሄድ አስቧል እንጂ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። «አይ ፕሮፖዝ ሊቪንግ ቱሞሮ» ቢል ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገ እንሂድ ብሎ ሐሳብ ማቅረቡ ነው። ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስታቸው ግን ሌላ ነው። «ሂ ፕሮፖዝድ ሐና» ሲባል ሐናን ለቦታው ጠቆማት፤ «ሂ ፕሮፖዝድ ቱ ሐና» ሲባል እንድታገባው ጠየቃት። አንዲት «ቱ» ዕጩን ከእጮኛ ትለያለች። «እሱ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረብኩ» ለማለትም «አይ ፕሮፖዝድ ሂም ቱ ጎ» ስሕተት ነው፤ ትክክሉ «አይ ፕሮፖዝድ ዛት ሂ ጎ» ወይም «ዛት ሂ ሹድ ጎ» ነው።

ከቅርብ ዘመዶቹ «ሰጀስት» ቀለል ያለ ነው፤ ወዳጅ ለወዳጁ ምሳ የት እንብላ ሲል የሚመቸው እሱ ነው። «ኦፈር» ደግሞ አቅራቢው የራሱን ነገር፣ ገንዘቡን ወይም ጉልበቱን፣ ልስጥ ሲል የሚገባ ነው።

ከግሡ የሚወጣው ስም «ፕሮፖዛል» በአማርኛ ከተለመደ ቆይቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ፣ ድርጅትም ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ለማግኘት ፕሮፖዛል ይጽፋል፤ ሁለቱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለሚያጸድቅ አካል ይቀርባሉ። «ፕሮፖዚሽን» ግን ሌላ ነው። በስምነት በሎጂክ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገርን፣ በንግድ ደግሞ የቀረበ ሐሳብን ያመለክታል። ወደ ግሥነት ሲለወጥ ግን ሰውን ለሩካቤ በነውር መጠየቅ ማለት ስለሚሆን፣ በ«ፕሮፖዝ» ቦታ ማስገባት አደገኛ ነው።