ሞተሩ ተነሣ፤ ባለቤቱ ግን በሕይወት የሉም

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ካለ አንድ ጋራዥ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አቧራ የለበሰ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ቆሞ አየሁ። ጎማዎቹ ተንፍሰዋል። መቀመጫው ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። መካኒኩ ቤንዚን ጨመረበት፣ ካንዴላውን ፈትቶ ጠርጎ መለሰ፣ ሦስት ጊዜ ረገጠው፤ በአራተኛው ተነሣ። ያን ድምፅ ስሰማ የሕግ ትምህርቴ በሙሉ ከጭንቅላቴ ወጣና ሊብሬውን በወጉ ሳላገላብጥ ቀብድ ከፈልኩ። ለሰው ሁሉ “ሳታነቡ አትፈርሙ” እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእኔ የደረሰው በሌላው እንዳይደርስ ነው።

የአሮጌ ሞተር ፍቅር ላልያዘው ሰው አይገባውም። በእኔ ዕድሜ ላለን ሰዎች ግን ነገሩ ከልጅነት ይጀምራል። የግብርና ጣቢያ ሠራተኛው በሞተር ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እኛም ከትምህርት ቤት አጥር ላይ ተንጠልጥለን እንጠብቀው ነበር። መኪና ያለው ሰው ሀብታም ነው፣ ሞተር ያለው ሰው ግን ጀግና ነው ብለን እናምን ነበር። ዛሬ ያን ሞተር መግዛት የሚያስችል ደመወዝ ስናገኝ ጉልበታችን ደግሞ ማጉረምረም ጀመረ።

ሐዋሳ ለዚህ ዓይነቱ ፍቅር የተመቸች ናት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ወደ ወንዶ ገነት ወጣ ለማለትም ሩቅ አይደለም። ከሁሉም በላይ ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ ደግሞ የእርሱ ዋና ከተማ ናት። የመንግሥት ቢሮና የእርዳታ ድርጅት ባለበት ከተማ የመስክ ሞተር አይጠፋም። ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሱዙኪ ቲኤፍ የመሳሰሉት ወደ ገጠር የሚገባውን ባለሙያ ሲያመላልሱ ኖረው፣ በመጨረሻ በጨረታ ተሸጠው በየግለሰቡ ግቢ ቀርተዋል። ዛሬ ከዶሮ ቆጥ አጠገብ የምናገኛቸው እነዚህን ነው።

በሌላው ዓለም አሮጌ ሞተርን ፈታትቶ በራስ አምሳል መሥራት ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው የለንደኑ ኤስ ካፌ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወጣቶች በየጊዜው የሚሰባሰቡበት ነበር። እነዚህ ልጆች ለፍጥነት ሲሉ ከሞተራቸው ላይ የማያስፈልገውን ሁሉ እየነቀሉ፣ መሪውን ዝቅ እያደረጉ ይነዱ ስለነበር፣ ያ ቅርጽ እስከ ዛሬ “ካፌ ሬሰር” ይባላል። በእኛ አገር ግን ሞተር የሚቆራረጠው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ ስለጠፋ ነው። ታንከሩ ከሆንዳ፣ የኋላ ጎማው ከቻይና ሞተር፣ ካርቡራተሩ ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ። የሐዋሳ መካኒኮች በዚህ የተካኑ ናቸው፤ እጃቸውንም አደንቃለሁ። ነገር ግን የተለወጠው ዕቃ ዋናው የሞተር አካል ወይም ሻንሲው ከሆነ ጉዳዩ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ሕግ ይገባል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ሞተሩ ጥቂት ልበል።

ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ባለ አራት ምቱ ዘይቱን እንደ መኪና ከሥር ይዞ ሲያዞረው፣ ባለ ሁለት ምቱ ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ በሽታ አይደለም። ያማሃ ለዚህ ሥራ የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያና ትንሽ ፓምፕ ሰጥቶታል፤ ነጂው ቤንዚንና ዘይት በእጁ መቀላቀል አይጠበቅበትም። ይህች ፓምፕ ከተበላሸች ፒስተኑ ያለ ዘይት ሠርቶ ይነክሳል። እንግዲህ ገዢ ሲሄድ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው፦ የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ “ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለህ ነው የምትሞላው” ካለ፣ ፓምፗ ሞታለች ወይም ተነቅላለች ማለት ነው።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሣ ጠይቁ። ከመድረሳችሁ በፊት አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። በእግር ስትረግጡት ሊገፋችሁ ይገባል፤ እንደ ቅቤ የሚወርድ ከሆነ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተበልተዋል። ካንዴላውን አስፈቱት። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቶበታል። ይህ የመጨረሻው ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ የቤንዚኑ መጠን ከአየሩ ይበልጣል፤ በውስጡ ያለችውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ናስ በጠበበች መለወጥ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ታርጋ፣ ቦሎ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ መለዋወጫው ግን በአፋችን ቀረ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1186 ተንቀሳቃሽ ዕቃ ገዢው በተረከበ ጊዜ ባለቤትነቱ ይተላለፍለታል ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንብቦ ያቆማል። ያው ቁጥር ቀጥሎ ግን ለአንዳንድ ዕቃዎች የተለየ ሥርዓት የሚጠይቁ ሕጎችን አይነካም ይላል። ለተሽከርካሪ ያ የተለየ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ስለዚህ ቁልፉ በእጃችሁ ቢሆንም ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ከሆነ ሥራው አላለቀም። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በመሪው ሥር ባለው ብረት ላይ ነው የሚገኘው። ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከመሰላችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተመለሱ። ዕቃው የተሰረቀ ከሆነ በቅን ልቦና ገዝቻለሁ ማለት አያድንም፤ ቁጥር 1165 ባለንብረቱ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ሊብሬው ላይ “ከቀረጥ ነፃ” የሚል ካለም ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። የእርዳታ ድርጅት ሞተር ብዙ ጊዜ የሚታነቀው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን የተለመደው ግን ስም ማዛወር ሳይሆን ውክልና መስጠት ነው። ሻጩ “ለራሱም ለሦስተኛ ወገንም እንዲሸጥ እንዲለውጥ” ብሎ ይወክላል፤ ገዢው ሲሰለቸው ለሌላ ይወክላል፤ ያም ለሌላ። ወጪና ውጣ ውረድ ይቀንሳል ተብሎ ነው። ለሻጩ ያለው አደጋ ከባድ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ሌላው ቀርቶ ፈቃድ ያልሰጠው ሰው ነድቶ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ይሆናል። ከአምስት ዓመት በፊት የሸጣችሁት ሞተር ዛሬ ሰው ቢገጭ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ከሌለውም፣ መጥሪያው ወደ እናንተ ቤት ሊመጣ ይችላል።

ለገዢው ደግሞ የአሮጌ ሞተር ልዩ ጣጣ አለ። አሮጌ ሞተር አሮጌ ባለቤት አለው። ቁጥር 2232 ወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል ይላል። የመጀመሪያው ወካይ ሲሞቱ ከእርሳቸው በታች ያለው የውክልና ሰንሰለት ሁሉ ይበጠሳል። ወረቀቱ ማኅተሙም ፊርማውም እንዳለ ነው፤ ሲያዩት ምንም አይመስልም።

የእኔም ይኸው ሆነ። የሸጠልኝ ልጅ ሦስተኛው ተወካይ ነበር፤ ሊያታልለኝም አላሰበም። ስሙን ላዛውር ስሄድ የመዝገቡ ባለቤት የት እንዳሉ ተጠየቅሁ። ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ፤ ሞተሩንም ከመሥሪያ ቤታቸው በጨረታ ነበር የገዙት። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ወራሾችን መፈለግ። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ስለሚገመት ግማሹ የባለቤታቸው ነው፣ የቀረው የልጆቹ። ወራሾች በቁጥር 996 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርበው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ፤ ከዚያ ሁሉም ፈርመው ይሸጣሉ። ልጆቹ ሦስት ናቸው። አንዷ ሐዋሳ፣ አንዱ ዲላ፣ ትልቁ አሜሪካ። የአሜሪካው ውክልና በኤምባሲ በኩል እስኪመጣ ብቻ አራት ወር ፈጀ። በጠቅላላው ሰባት ወር ሞተሩ ጋራዥ ቆመ፤ ለማመላለሻና ለወረቀት ያወጣሁት ከዋጋው እኩሌታ አለፈ። መብቴ ነው ብዬ ሻጩን መክሰስ እችል ነበር። ነገር ግን ልጁ ብሩን በልቶታል፣ እኔም የምፈልገው ሞተሩን ነው።

ባለቤታቸው ቤት መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ፈርቼ ነበር። እንዲያውም “የሟች ንብረት ሳይጠየቅ ተሸጠ” ብለው ቢከሱኝ ምን እላለሁ ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ቡና አቅርበው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“እሳቸው ናቸው የሸጡት፤ ልጆቹም ያውቃሉ። ለመፈረም አንከለክልህም ልጄ። ግን አንዴ አምጥተህ አሳየኝ” አሉኝ።

“በደስታ እማማ። ልክ ሲያልቅ ይዤው እመጣለሁ” አልኳቸው።

ስሙ በተዛወረ ማግስት ይዤው ሄድኩ። በራቸው ላይ አቁሜ ረገጥኩት፤ በሁለተኛው ተነሣ። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ቆመው አዳመጡ።

“በሳቸው ጊዜ እንዲህ አያጨስም ነበር” አሉ።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ የዘይት ፓምፗን ከፍቶ አየና ሳቀ። ከመሃል አንዱ ባለ ውክልና፣ ሞተሩ እንዳይነክስበት ፈርቶ ኖሯል፣ ሽቦዋን እስከ መጨረሻው ስቦ አስሯታል።