ስለ አዌቱ ወንዝና ስለ ቦዬ ረግረግ

በጂማ ከተማ እንግዳ በመጣ ጊዜ ቄጠማ ጎዝጉዞ፥ ዕጣን አጢሶ፥ ቡና አፍልቶ መቀበል የቆየ ደንብ ነው። አገሩ የቡና አገር ስለ ሆነ ይህ ደንብ በታላቁም በታናሹም ቤት ይጠበቃል። ነገር ግን ከእግራችን በታች የተነጠፈው ቄጠማ ከወዴት እንደ መጣ፥ እንግዳው ከሄደ በኋላም ተጠርጎ ወዴት እንደሚጣል የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ራሴ የተማርሁ ነኝ እያልሁ፥ እስካለፈው ዓመት ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ቄጠማ የሚበቅለው በረግረግ ነው። ለከተማችን ቅርብ የሆነውም ታላቁ ረግረግ ቦዬ ይባላል፤ ጉማሬ የሚታይበት፥ በራሷ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላትም ወፍ ከብዙ ዓይነት አዕዋፍ ጋራ የምትውልበት ስፍራ ነው። ከተማውን ከመካከል የሚያቋርጠው የአዌቱ ወንዝ ወደዚያው ይወርዳል። ስለዚህ በመርካቶ ሠፈር የተጣለውን ጥራጊ የክረምት ጎርፍ አንሥቶ ለአዌቱ ይሰጠዋል፥ አዌቱም ለቦዬ ያስረክበዋል።

ቀድሞ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች በሕርማታ ታላቅ የሐሙስ ገበያ ይቆም ነበር። ያን ጊዜም ገበያተኛ ቆሻሻ አይጥልም ነበር ማለቴ አይደለም፤ የሚጥለው ግን የእንሰት ቅጠልና አመድ፥ የከብትም ፋንድያ ስለ ነበረ፥ መሬት ወዲያው በልታ ትጨርሰው ነበር። ዛሬ የሚጣለውን ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ ግን መሬትም ውኃም አይበሉትም።

ረግረግ ከንቱ ስፍራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እርሱ ግን የውኃ ወንፊት ነው። ወንዙ እየሮጠ መጥቶ ከቄጠማው መካከል በገባ ጊዜ ፍጥነቱ ይበርዳል፥ ያመጣው ደለል ይዘቅጣል፥ ሥሮቹም ከእድፉ ብዙውን ይመገቡታል። ይሁን እንጂ ለወንፊትም ልክ አለው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የሳሙና ውኃ ሲበዛበት አረንጓዴ ዝቃጭ ይለብሳል፤ ያም ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰውና ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። በዳርና ዳር ደግሞ ጡብ ለመሥራት ጭቃው ይቆፈራል፥ ባሕር ዛፍ ይተከላል፥ ጠርዙም ይታረሳል። ይህን ከሚያስደርጉት መካከል ይህን ገጽ የሚያነቡ እንዳሉ አልጠራጠርም።

የቦዬ ውኃ በዚያው አይቀርም፤ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል። በዚህም ወንዝ ላይ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው ግድብ አለ። ረግረጉ ያላስቀረው ደለል ወደ ግድቡ ይሄዳል። ውኃው ከዚያ አልፎ ወደ ኦሞ፥ በመጨረሻም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል።

በቡና ከተሞችም ያለው ደዌ ከዚህ ብዙ አይለይም። እሸት ቡና ሲፈለፈልና ሲታጠብ ጣፋጩ ልባሱ በውኃው ይሟሟል። ይህ ውኃ ሳይጣራ ወደ ምንጭ ከተለቀቀ ይኮመጥጣል፥ ይሸታል፥ በታች ያሉትም እናቶች ሊቀዱት አይችሉም። የአጋሮ አካባቢ ወንዞች ወደ ዴዴሳ፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ስለሚሄዱ ነገሩ የአንድ ሠፈር ብቻ አይደለም። መድኃኒቱም ከአቅም በላይ አይደለም፤ ፍሳሹን በጉድጓድ ማቆየትና በሣር መስክ ማሳለፍ፥ ገለፈቱንም አብስሎ ለማሳ ፍግ ማድረግ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ሥራዬ ከወረቀት ጋራ ነውና አዋጁን አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ጥራጊውን ይዞ ከደጅ የሚወጣው ልጅ አላነበበውም፥ የላከውም ሰው አልነገረውም።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ በቤቴ የሆነው ነው። ቄጠማ የምታመጣልን አንዲት እናት ቅርብ የነበረው ዳርቻ ስለ ታረሰ አሁን ርቃ እንደምታጭድ፥ ለገበያም ከማቅረቧ በፊት የተጠመጠመበትን ፌስታል አንድ በአንድ እንደምትለቅም ለባለቤቴ ነገረቻት። ባለቤቴ ይህን በምሳ ሰዓት ስታጫውተኝ አፈርሁ፤ በዚያው ማለዳ የቤታችን ጥራጊ፥ ፌስታሉም ሳይለይ፥ ከአዌቱ ዳር ተደፍቶ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ በጓሮ ከእንሰቱ ሥር ጉድጓድ አስቆፍረናል። የደረቀውን ቄጠማ፥ የቡናውን አተላና የድንቹን ልጣጭ ታናሹ ልጄ ወስዶ ይጨምረዋል፤ እንሰቱም ወፍሯል። ፌስታሉን በጆንያ ለይተን እናኖራለን። ቆሻሻ ሰብሳቢው አንዳንድ ሳምንት ይመጣል፥ አንዳንድ ሳምንትም ይቀራል። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ጆንያው ሞልቶ ከበሩ ኋላ ቆሟል።