ውኃ አያስገባም የተባለ ጃኬት የሚለየው በስፌቱ ነው

«ውኃ አያስገባም» የሚለውን የሻጭ ቃል ለማረጋገጥ ጃኬቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ማፍሰስ የተለመደ ነው። ጠብታው ተንከባሎ ቢወርድም ብዙ አያስረዳም። ያንን የሚያደርገው ላይ ላዩን የተቀባው፣ በአጠቃቀም ብዛት የሚለቅ ኬሚካል ነው። ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚያግደው ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ነው።

ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቴፍሎን የሚባለውን ፕላስቲክ ለጥጦ የደረሰበት ጎርቴክስ ከዚህ ወገን ነው። ቀዳዳዎቹ ለዝናብ ጠብታ እጅግ ጠባብ፣ ለላብ እንፋሎት ግን ሰፊ ናቸው። ተራ ፕላስቲክ ሁለቱንም ስለሚያግድ ራስ ዳሸን የሚወጣ መንገደኛ በገዛ ላቡ ርሶ ማታ ብርድ ይመታዋል።

ገዢው ጃኬቱን ገልብጦ ስፌቱን ይመልከት። መርፌ የበሳው ሁሉ በቴፕ ካልታሸገ ውኃው በዚያ ይገባል። መለያው ላይ 10 ሺሕ ሚሊ ሜትር የሚል ካለ ጨርቁ በፈተና የ10 ሜትር የውኃ ዓምድ ጫና ችሏል ማለት ነው፤ ስለ ስፌቱ ግን አይናገርም። ጃኬቱ በራሱ ስለማያሞቅ ከሥሩ ሹራብ የሚያስለብስ ሰፋ ያለ ይመረጣል።

በርካሽ የሚቀርብ የቆየ ክምችት ነጋዴውንም ያከስራል። ፖሊዩሪቴን የተቀባ ጨርቅ ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ሳይለበስም ይጣበቃል፣ ይላጣል።